ወተቱ ሳንባ አይገባም፦ አቧራ ላይ ለሚሠራ ወሎዬ

ደሴም በሉት ኮምቦልቻ፣ አቧራ ያለበት ሥራ የጀመረ ሰው አንድ ምክር አያጣም። «ወተት ጠጣ፣ ያጥብሃል።» አንዳንዱ አሠሪ እንዲያውም የወተት ብር ብሎ ጥቂት ይጨምርና ማስክ መግዛቱን ይተወዋል። ወተት ምግብ ነው፣ ካገኛችሁ ጠጡ። ግን ወተቱ የሚወርደው ሆድ ነው፣ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ ወተቱን ለቁርስ እንተወውና አቧራው ራሱ የት እንደሚሄድ እንይ። ይህን ሳታውቁ ምን እንደምትከላከሉም አታውቁም።

የምጽፈው ደላንታ ገደል ላይ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ለሚቆፍረው፣ ደሴ ላይ ኮንክሪት በግራይንደር ለሚቆርጠው፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ድንጋይ ለሚጠርበው፣ ጠጠር መፍጫ ላይ ለቆመው ነው። ልጇ ወይ ባሏ እዚያ የሚሠራ ሴትም ታንብበው፣ ልብሱን የምታጥበው እሷ ናትና።

የምጀምረው ግን ከዩራኒየም ነው። አዎ፣ ከኒውክሌሩ። «ወሎ ላይ ማን ዩራኒየም ነካ?» ብትሉ ልክ ናችሁ፣ ማንም አልነካም። ግን እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ወዲህ በአሜሪካም በአውሮፓም የዩራኒየም ፋብሪካ ሠራተኞች ሽንታቸው ሲለካ፣ ሳንባቸው ውስጥ ያለው ጨረር ሲቆጠር፣ ሰገራቸው ሳይቀር ሲመረመር ኖሯል። ዩራኒየም ጨረር ስላለው በጣም ትንሿ መጠን እንኳ ትያዛለች። በዚህ ምክንያት ሰው የተነፈሰው ብናኝ በየት ገብቶ የት እንዳረፈ፣ መቼ እንደወጣ፣ ምን ያህሉ እንደቀረ በደንብ ከሚታወቅላቸው ነገሮች አንዱ እሱ ሆነ። የድንጋይ አቧራን እንዲህ መከታተል ከባድ ነው። እኛ የእነሱን መንገድ ተውሰን የራሳችንን አቧራ እናነብበታለን።

መንገዱ ሁለት ጥያቄ ነው። ብናኙ ምን ያህል ደቃቅ ነው? ሰውነት ውስጥ ሲገባስ ይሟሟል ወይስ አይሟሟም? በቃ። ለማንኛውም ብናኝ እነዚህን ሁለቱን ጠይቁ።

መጠኑ

የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቅንድባችሁን የሚያነጣው፣ ጥርሳችሁ ላይ የሚንቀጫቀጨው፣ በፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ የምታዩት አቧራ በአብዛኛው ትልቁ ነው። እሱን አፍንጫ ይይዘዋል። ማታ ስትናፈጡ ጥቁር ነገር ወጣ ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ አብሽሩ፣ ያ የወጣው ነው። የሚያሳስበው ያልወጣው ነው።

ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1994 የመተንፈሻ አካል ስሌት አውጥቶ ነበር። ለሠራተኛ እንደ መነሻ የሚወሰደው 5 ማይክሮን የሆነ ብናኝ ነው። በዚያ ስሌት ከ100 እጅ ወደ 74ቱ አፍንጫና ጉሮሮ አካባቢ ይቀራል፣ 3 ያህሉ የአየር ቧንቧዎቹ ላይ ያርፋል፣ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች የሚደርሰው 5 ገደማ ነው። የቀረው የትም አያርፍም። ብናኙ ወደ 1 ማይክሮን ሲደቅ ግን ከረጢቶቹ ድረስ የሚዘልቀው ድርሻ በእጥፍ ያህል ያድጋል። ይህን ደቃቁን ደግሞ ዓይን አያየውም። አቧራው «ጋብ ብሏል» ብላችሁ ማስኩን የምታወልቁበት ሰዓት ላይ ትልቁ ወደ መሬት ወርዶ ደቃቁ ገና አየር ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሌቱ በአፍንጫ ለሚተነፍስ ሰው ነው። ዲጅኖ የሚያነሳ ሰው፣ በዚያ ላይ በደጋ አየር፣ ትንሽ ቆይቶ አፉን ይከፍታል። አፍ ማጣሪያ የለውም። ሥራ በከበደ ቁጥር ብዙ አየር ትስባላችሁ፣ የምትስቡትም ሳይጣራ ነው። ስለዚህ እኩል አቧራ ውስጥ የቆሙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ቆፋሪ አንዱ ተቆጣጣሪ ከሆኑ፣ እኩል አልተነፈሱም።

ቧንቧዎቹ ላይ ያረፈው ብዙም አይቆይም። የቧንቧው ግድግዳ ላይ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፣ አክታውን ቀን ከሌት ወደ ላይ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ወይ ትተፉታላችሁ ወይ ትውጡታላችሁ። ሲጋራ እነዚህን ፀጉሮች ያደነዝዛል፤ አቧራ ላይ እየሠራ የሚያጨስ ሰው መጥረጊያውን ሰብሮ ቤቱን የሚያቆሽሽ ነው። የተዋጠውስ? ዩራኒየም ላይ ከተዋጠው ውስጥ ወደ ደም የሚገባው ለሚሟሟው ዓይነት ከ100 እጅ 2 ያህል ነው፣ ለማይሟሟው ደግሞ የዚያ አንድ አሥረኛ። ሌላው በሰገራ ይወጣል። ድንጋይም ሆድ ውስጥ ምንም አያመጣም። በዚህ ግን ሁሉን አቧራ አትለኩ፦ አሮጌ ባትሪ የምትፈቱ ልጆች፣ ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ የሚባል ብረት በሆድም በደንብ ይገባል፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዳቦም ጫትም አትንኩ።

ይሟሟል ወይስ አይሟሟም

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ወሎ ውስጥ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት አታጡም። ጨዉ ሲኒው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ አተላው ግን ከስር ይቀራል። ሁለቱም እኩል ሲኒ ገቡ፣ ዕጣቸው ግን ለየቅል ነው። የዩራኒየም ውህዶችም እንደዚያ ናቸው። ብረቱ አንድ ነው፣ ከምን ጋር ተዋህዷል የሚለው ግን ሰውዬው በምኑ እንደሚታመም ይወስናል።

ባለሙያዎቹ በሦስት ይከፍሏቸዋል፦ ፈጣን፣ መካከለኛ፣ ዘገምተኛ። ቀድሞ ስማቸው «የቀናት፣ የሳምንታት፣ የዓመታት» ነበር፣ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ራሱ ይናገራል።

ፈጣኑ፣ ለምሳሌ ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ ወይም ዩራኒል ናይትሬት፣ ሳንባ ላይ ቶሎ ሟሙቶ ደም ውስጥ ይገባል። ደም ውስጥ ከገባው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በ24 ሰዓት ውስጥ በሽንት ይወጣል። ደስ ይላል አይደል? ችግሩ የሚወጣበት በር ነው። በኩላሊት ነው የሚወጣው፣ ኩላሊትም ሲያልፍ ይጎዳል። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ዩራኒየሙ ደም ውስጥ ከባይካርቦኔት ጋር ተጣብቆ በሰላም ይጓዛል። ኩላሊት አጥልሎት ሽንት መሆን ሲጀምር ሽንቱ አሲድነቱ ይጨምራል፣ ያን ጊዜ ባይካርቦኔቱ ይለቀዋል፣ ዩራኒየሙም በአጠገቡ ያገኘው የኩላሊት ቱቦ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። የሚሞቱት እነዚያ የቱቦው ሴሎች ናቸው። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ኩላሊት ራሱን ይጠግናል፤ ከበዛ አይጠግንም። ስለዚህ የሚሟሟ ዩራኒየም ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ጨረሩን ሳይሆን እንደ ማንኛውም ከባድ ብረት መርዝነቱን ነው። የአሜሪካ ሕግ ራሱ ለሚሟሟው ዓይነት ከጨረሩ ገደብ ውጪ በሳምንት 10 ሚሊ ግራም የሚል የተለየ ገደብ አለው። በሽንት ካልወጣው ውስጥ ጥሩ ድርሻው አጥንት ላይ ይሰፍራል፣ የካልሲየምን ቦታ ወስዶ።

ስለ ሄክሳፍሎራይድ ከተነሳ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1986 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ጎር በምትባል ቦታ ከመጠን በላይ የተሞላ ሲሊንደር ሲያሞቁት ፈነዳ። አንድ ሠራተኛ ሞተ። የገደለው ግን ዩራኒየሙ አልነበረም። ሄክሳፍሎራይድ የአየር እርጥበት ሲያገኝ ይለወጥና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል፤ እሱ ነው የገደለው። ስሙ የሚያስፈራው ነገር አጠገብ ስሙ የማይነሳ ገዳይ ቆሞ ይሆናል። ይህን ያዙልኝ፣ ከታች እመለስበታለሁ።

ዘገምተኛው ደግሞ እንደ ዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ያለው፣ በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለው ነው። ከአንድ ማዕድን የወጣ ቢጫ ዱቄት በዝቅተኛ ሙቀት ከደረቀ ቶሎ ይሟሟል፣ ምድጃው በጣም ሲግል ደግሞ ያው ዱቄት ወደማይሟሟ ኦክሳይድ ይለወጣል። የምድጃ ሙቀት ብቻ! ይህኛው የአየር ከረጢት ውስጥ ከደረሰ ደም አያገኘውም። ማክሮፋጅ የሚባሉ የሳንባ ጠባቂ ሴሎች መጥተው ይውጡታል፣ መፍጨት ግን አይችሉም። ተሸክመውት ይዞራሉ። ጥቂቱን ወደ ቧንቧዎቹ አውጥተው ከአክታ ጋር ይሸኙታል፣ ጥቂቱን በሳንባ አካባቢ ወዳሉ የሊምፍ እጢዎች ይወስዱታል፣ ብዙው እዚያው ይከርማል። በዚያው በ1994ቱ ስሌት ከረጢቶቹ የደረሰው በሦስት ድርሻ ይከፈላል፤ የአንዱ ድርሻ ግማሹ ለመውጣት 35 ቀን ገደማ ይፈልጋል፣ የሌላው 700 ቀን፣ የመጨረሻው 7,000 ቀን። ሰባት ሺህ ቀን ማለት 19 ዓመት ነው። የተነፈሰው ሰው ሥራ ቀይሯል፣ አግብቷል፣ ልጁ ትምህርት ጨርሷል፣ የዚያ የመጨረሻው ድርሻ ግማሹ ገና አለ። እዚህ ጨረሩ ዋጋ አለው፤ ከዩራኒየም የሚወጣው አልፋ ጨረር ወረቀት እንኳ የማይበሳ ደካማ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ግን በእሱና በሴሉ መካከል ወረቀት የለም።

የዩራኒየም ቆፋሪዎቹስ?

ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ይመጣል። በአሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ ቆፋሪዎች፣ በምሥራቅ ጀርመን ደግሞ የቪስሙት ማዕድን ሠራተኞች በሳንባ ካንሰር ብዙ አልቀዋል። ዋናው ምክንያት የዩራኒየሙ አቧራ አልነበረም። ራዶን የሚባል፣ ዩራኒየም በጊዜ ብዛት ሲፈርስ የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። አየር በማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከእሱ የሚወለዱት ሌሎች ብናኞች ሳንባ ላይ ይጣበቃሉ። አየር ቢነፍስላቸው ኖሮ ብዙው ይተርፍ ነበር። አሜሪካ ለእነዚያ ሰዎች ካሣ የሚከፍል ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፣ ብዙዎቹ ከሞቱ በኋላ።

ራዶን የዩራኒየም ማዕድን ብቻ ነገር አይደለም። ማንኛውም ድንጋይ ጥቂት ዩራኒየም አለው። ጥቁሩ ባዛልት በጣም ትንሽ፣ እንደ ራዮላይት ያለው ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከእሱ ይበልጣል። ደላንታ ላይ ኦፓሉ የሚገኘው በዚህ ነጣ ባለው ንብርብር ውስጥ ነው። ይህን ስላነበባችሁ አትደንግጡ፣ ጥልቅና ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አየር ግን በጭስም በጋዝም በአቧራም ምክንያት መጥፎ አየር ነው። ጉድጓድ ውስጥ እንቅልፍ አይወሰድም፣ ምሳ አይበላም፣ ጫት አይቃምም። ዕረፍት ውጪ ነው።

እንግዲህ የእናንተው አቧራ

አሁን ሁለቱን ጥያቄ ይዘን ወደ ወሎ እንመለስ። ጀባ!

ሲሚንቶ እርጥበት ሲነካው ያቃጥላል። አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ወዲያው ያስታውቃል፣ ያስነጥሳል፣ ያስለቅሳል። ፈጣን ጠበኛ ነው፣ ቢያንስ ራሱን ይናገራል። የጥጥ ብናኝ ሌላ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከዕረፍት ተመልሶ ሰኞ ሲገባ ደረቱ የሚጨነቅ፣ በሳምንቱ ውስጥ እየቀለለው የሚሄድ ከሆነ የጥጡ ነገር መሆኑን ይጠርጥር።

ትልቁ ጉዳይ ሲሊካ ነው። በተለይ ኳርትዝ የሚባለው ክሪስታሉ። በሁለቱ ጥያቄ ሲለካ በጣም ደቃቅ ሆኖ ይፈጫል፣ አይሟሟምም። ማለትም ከዘገምተኛው ዩራኒየም ጎን ነው ቦታው። በአንድ ነገር ግን ይብሳል። ማክሮፋጁ የሲሊካውን ስባሪ ይውጣል፣ ስባሪው ሴሉን ከውስጥ ይገድለዋል፣ ሴሉ ሲፈነዳ ስባሪው እንደገና ነፃ ይወጣል፣ ሌላ ማክሮፋጅ መጥቶ ይውጠዋል፣ እሱም ይሞታል። በእያንዳንዱ ዙር ሳንባው ትንሽ ጠባሳ ይይዛል። ጠባሳው ይጠነክራል፣ ይያያዛል፣ ሳንባው መለጠጥ ያቆማል። ሲሊኮሲስ ይሉታል። መድኃኒት የለውም፣ ሥራውን ካቆማችሁ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው፣ አቧራው በጣም ከበዛ ግን ከዚያ በጣም ያጥራል። አሜሪካ ለሲሊካ ያስቀመጠችው ገደብ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። ይህ መጠን ለዓይን ምንም አይመስልም፣ አየሩ ንጹሕ ነው ትላላችሁ።

የትኛው ድንጋይ ነው ታዲያ የሚፈራው? ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ የምታዩት ጥቁር ባዛልት ነፃ ኳርትዝ የለውም ወይም በጣም ትንሽ ነው፤ ከሌሎቹ ይሻላል፣ አቧራው ጥሩ ነው ማለት ግን አይደለም። የአሸዋ ድንጋይ ከከፍተኞቹ አንዱ ነው፣ ግራናይትም ብዙ አለው። ኮንክሪትና ብሎኬት ውስጥ ያለው አሸዋ ከየት እንደመጣ ይወስነዋል፤ የማታውቁት ከሆነ እንደ ክፉው ቁጠሩት። ሴራሚክም አለው። ዓረብ አገር ሄዳችሁ የኩሽና ጠረጴዛ የሚቆረጥበት ሱቅ ውስጥ ሥራ ያገኛችሁ ልጆች ደግሞ ጆሮ ስጡኝ፦ ያ በፋብሪካ የተሠራው አንጸባራቂ ድንጋይ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ኳርትዝ ሊሆን ይችላል። ወጣት ሠራተኞችን በጥቂት ዓመት ሳንባቸውን ስለጨረሰ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ጭራሽ ከልክላዋለች። በደረቁ ቁረጥ ያላችሁ አሠሪ ጋ አንድ ቀን አትደሩ።

ኦፓሉ ራሱ ሲሊካና ውሃ ነው። እንደ ኳርትዝ የተስተካከለ ክሪስታል ስላልሆነ ከኳርትዝ ይቀል ይሆናል። ችግሩ የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ ሲጠጣ መልኩ ይቀየራል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ጠራቢ ቀለሙን እያየ ለመሥራት በደረቁ መፈተግ ይወዳል። ድንጋዩ ሲደርቅ ወደ መልኩ ይመለሳል። ሳንባ አይመለስም። በውሃ ጥረቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ እዩት።

ምን ይደረግ

ከሁሉ በፊት ውሃ። አቧራ ከተነሳ በኋላ ማስክ ነው የሚያድናችሁ፣ እሱም በግማሽ፤ ውሃ ግን ከመነሻው አያስነሳውም። ድንጋይ ከመምታታችሁ በፊት አርጥቡት፣ እየመታችሁም አርጥቡት። ሌላ ካጣችሁ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በምስማር ብሱና ይዛችሁ ተቀመጡ፣ አጠገባችሁ ያለ ልጅ እየጫነ ያንጠባጥብላችሁ። ግቢ ስትጠርጉ መጀመሪያ እርጩ፣ በደረቁ የተጠረገ ሲሊካ ሁለተኛ ጊዜ አየር ላይ ተነሳ ማለት ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ ተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውሃ አይፈስም፣ ኤሌክትሪኩ ይይዛችኋል። ለውሃ ተብሎ የተሠራ መቁረጫ አለ፣ ከሌለ አቧራ የሚስብ ማሽን ይገጠምለት፣ እሱም ከሌለ ውጪ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ ሌላ ሰው ከፊት ሳይኖር ቁረጡ።

ደላንታ ላይ ውሃ በአህያ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ለመጠጥም አይተርፍም። ደግሞም ያ ነጣ ያለ ንብርብር በብዛት ከረጠበ ይለሰልሳል፤ በ2016 ዓ.ም ቆፋሪዎቹ ላይ የተደረመሰውን ማን ይረሳል። አቧራ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፣ ገደል ግን ወዲያው። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ አታፍሱ፣ የምትመቱባትን ፊት ብቻ አርጥቡ። ከዚያ የሚቀረው ጊዜ ነው፤ ከመታችሁ በኋላ ውጡ፣ አየሩ ይቀየር፣ ተራ በተራ ግቡ። ማኅበር ካላችሁ ይህን ተራ ማውጣት ወጪ የለውም፣ ፀብ ብቻ ነው ያለው። ሁለት አፍ ያለው ጉድጓድ ከአንድ አፍ ካለው በጣም ይሻላል፣ አየር ስለሚያልፍበት።

ማስክ። ሽርጥም ፎጣም አፍ ላይ ቢጠመጠም የሚይዘው ያንኑ አፍንጫችሁ ሊይዘው የነበረውን ትልቁን ነው። ሰማያዊው የሐኪም ማስክም በጎንና ጎኑ ክፍት ነው፣ አየር ደግሞ በቀላሉ መንገድ ነው የሚሄደው። የምትፈልጉት ኤን 95 ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 2 የሚል የተጻፈበት፣ ሁለት ላስቲክ ያለው፣ አፍንጫ ላይ የሚጫን ብረት ያለው ነው። አድርጉትና በሁለት እጃችሁ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ። አየሩ ወደ ዓይናችሁ ወይም ወደ ጉንጫችሁ ከወጣ አልገጠመም። ጺም ያለው ሰው ላይ አይገጥምም፣ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ማስኩ የተሠራው እንደዚያ ነው፤ ጺሙን የማይቆርጥ ሰው ውሃውና ርቀቱ ላይ ይበርታ፣ ወይም ከተገኘ ራስን የሚሸፍን አየር የሚነፋ ዓይነት ይጠይቅ። መተንፈስ ሲከብዳችሁ ወይም ሲቆሽሽ ይጣላል፣ በሳሙና አይታጠብም። ደግሞ ማስክ አየር አይፈጥርም። የታፈነ ጉድጓድ ውስጥ ማስክ አድርጎ መግባት ራስን ማታለል ነው።

ልብስ የሚረሳው ክፍል ነው። የሥራ ልብስ ይዞ ቤት የሚገባ አባት ልጁን ሲያቅፍ የቀኑን አቧራ ያካፍላል። እዚያው ሥራ ቦታ ቀይሩ፣ በፌስታል ቋጥሩ፣ ቤት ሲደርስ አይራገፍም፣ እንዲያው ውሃ ውስጥ ይነከራል። የዩራኒየም ፋብሪካዎች ሠራተኛው ልብሱን ይዞ እንዳይወጣ መታጠቢያና መቀየሪያ የሠሩት ያለ ነገር አይደለም።

አሠሪ ያላችሁ ደግሞ የምትጠይቁት ስጦታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ማቅረብንና ስለ አደጋው ማሳወቅን በአሠሪው ላይ ጥሎታል። የወተት ብር ይህን አይተካም። ብቻችሁን ሳይሆን አምስት ስድስት ሆናችሁ ጠይቁ፣ አንድ ሰው «ነገረኛ» ይባላል፣ ስድስት ሰው ግን ሥራ ያቆማል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

የዩራኒየም ሠራተኛ ሽንቱን ሰጥቶ ምን ያህል እንደተነፈሰ ይነገረዋል። ለሲሊካ እንዲህ ያለ የሽንት ምርመራ የለም። የሚገኘው በደረት ራጅ፣ በትንፋሽ መለኪያና በአፋችሁ ነው። በተለይ በአፋችሁ። «ሳል አለኝ» ብላችሁ ብቻ ከተቀመጣችሁ ሐኪሙ ስለ ድንጋይ ላያስብ ይችላል፣ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ሳል ያለበት ሰው ሲያይ ነው የዋለው። ስለዚህ ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ ምን ድንጋይ፣ በደረቁ ወይስ በውሃ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወይስ ውጪ፣ አብሯችሁ የሠራ የታመመ ካለ እሱንም።

ሲሊካ ያለበት ሳንባ ለቲቢ በጣም የተጋለጠ ነው። ራጅ ላይ ደግሞ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ሳላችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈው የአክታ ምርመራ አድርጉ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም ነፃ ነው። የቲቢ መድኃኒት በሥርዓት ጨርሳችሁ፣ አክታችሁ ንጹሕ ነው ተብላችሁ፣ ትንፋሹ ግን ካልተሻለ ተመልሳችሁ ሂዱና ድንጋዩን አንሱት። በተቃራኒውም ይሠራል፤ «የአቧራ ነው» ብሎ ቲቢውን የሚያስታምም ሰው ቤተሰቡን ያስይዛል።

ገና ሥራ ልትጀምሩ ከሆነ፣ ሳትታመሙ፣ አንድ ራጅ ተነሡና አስቀምጡት። በኋላ የሚነሡት ምን እንደተቀየረ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲተያይ ነው። ከራጁ ጋር አንድ ደብተር አኑሩ፤ በየዓመቱ የሠራችሁበትን ቦታ፣ የድንጋዩን ዓይነትና ማስክ ነበረ አልነበረ የሚለውን ጻፉበት። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሁለቱንም ይዛችሁ ግቡ።